ፖስታ ቤት አካባቢ ያለው የአሮጌ መጽሐፍ ሱቅ፦ «መጀመሪያ ያሉትን ንገረኝ»

«አዳማ ውስጥ አሮጌ መጽሐፍ የት ይገኛል?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ ለከረማችሁ፣ ይኸው ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፈው። ፖስታ ቤት አካባቢ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ስትሉ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ቀጥሎ፣ አንድ የላሜራ ሱቅ አለ። ታፔላ የለውም። በሩ ላይ በነጭ ቀለም «መጽሐፍ እንገዛለን፣ እንሸጣለን፣ እናከራያለን» ተብሎ ተጽፏል። የመጨረሻዋን ቃል ፀሐይ በልቷት ደብዝዛለች። የባጃጅ ሾፌሮች ሱቁን በስም አያውቁትም። «የመጽሐፉ ሽማግሌ ጋ» ካላችሁ ግን የሚያደርሳችሁ አይጠፋም።

ባለቤቱ ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው፣ እዚህም እንደዚያው ልቀጥል።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። ከፊት ለፊት ያለው መደርደሪያ የተማሪ ነው። የ12ኛ ክፍል አጋዥ መጻሕፍት፣ የድሮ ፈተናዎች፣ መዝገበ ቃላት፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ተመርቀው ሲሄዱ ሸጠውት የሚሄዱት የኢንጂነሪንግ መጽሐፍ። በግራ በኩል ልብ ወለድና ትርጉም ሥራ አለ። በቀኝ መንፈሳዊ መጻሕፍት፣ የሁሉም እምነት ጎን ለጎን። ዋጋው ደህና ነው። ሁለት ሦስት መቶ ብር ይዞ የገባ ሰው ባዶ እጁን አይወጣም። ኪራዩ ደግሞ ይበልጥ ያዋጣል፤ መያዣ ታስይዛላችሁ፣ ሳምንት ታነባላችሁ፣ ስትመልሱ ትንሽ ቆርጠው ቀሪውን ይመልሱላችኋል። የተገነጠለ ገጽ ካለ ገንዘብ ሳትከፍሉ በፊት ራሳቸው ገልጠው ያሳዩዋችኋል። እኔ እስካሁን ተሸውጄ አላውቅም። ጥረዛም ይሠራሉ። የእናቴን የተበታተነ ዳዊት በጨርቅ ጀርባ ጠርዘውልኝ ይኸው ሁለት ዓመቱ፣ አንድ ቅጠል አልወለቀም።

ይህን ሁሉ ግን ሌላም ቦታ ታገኙት ይሆናል። እንድጽፍ ያደረገኝ የኋላው መደርደሪያ ነው።

ከመጋረጃው ጀርባ አራት ዱካ የምታስቀምጥ ጠባብ ቦታ አለች። እዚያ ከ1966 ጀምሮ ያሉ ጋዜጦች፣ መጽሔቶችና በራሪ ወረቀቶች በየዘመናቸው በሲባጎ ታስረው ተደርድረዋል። እነዚህ አይሸጡም፣ አይከራዩም። እዚያው ቁጭ ብሎ ማንበብ ብቻ ነው፣ ያውም በነፃ። በር ላይ ካለው ጀሪካን እጅ ታጥቦ ነው የሚገባው። ጋሼ ስለዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም፤ እጁ ያልደረቀ ሰው ካዩ ፎጣ ያቀብሉታል።

መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት እጄ ላይ ያስቀመጡልኝ አንዲት ቀጭን በራሪ ጽሑፍ ናት። ጠርዟ ቡናማ ሆኗል። አፈር አፈር ትሸታለች። የባለቤቷ ስም የነበረበት ቦታ በምላጭ ተፍቆ ወረቀቱ ሳስቷል፣ ወደ ብርሃን ከፍ ሲያደርጓት ጣት ያሳያል። «ይቺ በላስቲክ ተጠቅልላ ጓሮ ተቀብራ የኖረች ናት» አሉኝ። በ1969 የቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ ሰው እጁ ላይ ያለውን ወረቀት ወይ አቃጠለ፣ ወይ ሽንት ቤት ጨመረ፣ ወይ ቀበረ። የቀበራት ሰው ተመልሶ አላወጣትም። ከብዙ ዓመት በኋላ ለቤት መሠረት የሚቆፍሩ ሠራተኞች ናቸው ያገኟት።

ሰው ሕይወቱን ያስያዘበት ጽሑፍ ምን ይላል ብዬ ጓጉቼ ገለጥኳት። ሐሳብ አለበት፣ አልክድም። ግን ሐሳቡን ለማግኘት ስድቡን መጥረግ ነበረብኝ። በሦስት ገጽ ውስጥ «ባንዳ» የሚለው ቃል ብቆጥረው ብቆጥረው ከጣቶቼ በለጠ። ከጎኗ የነበረውን የተቃራኒውን ወገን ጽሑፍ ስገልጥ ደግሞ «አናርኪስት» በዚያው ልክ ተረጭቶበታል።

ለወጣቶቹ ትንሽ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን የምናውቀው በወሬ ነው። በአብዮቱ ዘመን የተፋለሙት ሁለት ፓርቲዎች፣ ኢሕአፓና መኢሶን፣ ሁለቱም ማርክሲስት ነበሩ። ሁለቱም የወጡት ከዚያው ከተማሪው ንቅናቄ ነው። «መሬት ላራሹ» የሁለቱም ጥያቄ ነበር። ጃንሆይ በ1967 መባቻ ከወረዱ በኋላ የለያቸው አንድ ከባድ ጥያቄ ነው፦ ሥልጣን የያዘውን ወታደር ምን እናድርገው? ኢሕአፓ «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም፣ የዴሞክራሲ መብት ያለ ገደብ አሁኑኑ ይሰጥ» አለ። መኢሶን «ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ እየሰጠን ሕዝቡን እናደራጅ፣ እናንቃ» አለ። ይህ የምር ክርክር ነው። ዛሬም ቢሆን አስተዋይ ሰው በሁለቱም በኩል ሊቆም ይችላል። በ1968 ለትንሽ ጊዜ አዲስ ዘመን ላይ ሳይቀር በአደባባይ ተከራክረውበታል።

ከዚያ ስሞቹ መጡ። ኢሕአፓ መኢሶንን «ባንዳ»፣ ደርግን «ፋሺስት» አለ። ደርግና መኢሶን ኢሕአፓን «አናርኪስት» አሉ። እስቲ ይቺን የመጨረሻዋን አስቧት። አናርኪስት ማለት መንግሥት የሚባል ነገር ጭራሹን አያስፈልግም የሚል ሰው ነው። ኢሕአፓ የሚጮኸው ደግሞ መንግሥት ይቋቋም እያለ ነው። ቃሉ አይገጥምም። ማንም ይግጠም አይግጠም ብሎ አልለካውም፣ ምክንያቱም የተፈለገው ሌላ ሥራ እንዲሠራ ነበር፦ አንድ ልጅ ምን እንዳለ፣ ምን እንደጠየቀ፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ ሳይጠየቅ ከቤቱ እንዲወሰድ።

ሠራውም። በቀይ ሽብር ጊዜ ሬሳ መንገድ ላይ ተጥሎ ደረቱ ላይ የተጻፈ ወረቀት ይለጠፍበት ነበር። ዛሬ «ስም መለጠፍ» ስንል ለአነጋገር ነው፤ ያኔ ሙጫና ወረቀት ነበረው። በሌላውም ወገን «ባንዳ» የተባለ ሰው በጥይት ተመቷል፤ ይህንንም ሳንሸፋፍን እንናገር። ጋሼ በ1969 የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበሩ። ከክፍላቸው የጎደሉትን ልጆች በስም አይጠሩም። በወንበር ነው የሚያስታውሷቸው። «መስኮቱ ሥር ሁለተኛው፣ በሩ ጋ የመጀመሪያው፣ ከኔ ኋላ ያለው።» በጣታቸው አየር ላይ እያመለከቱ ሲነግሩኝ ክፍሉ ታየኝ።

መኢሶንም አልቀረለትም። በነሐሴ 1969 ከደርግ ጋር ተጣልቶ ኅቡዕ ሲገባ፣ እስከ ትናንት «ተራማጅ» ሲባል የነበረው ድርጅት በአንድ ጊዜ «ቀኝ መንገደኛ» ሆነ። መሪው ኃይሌ ፊዳ ተይዘው፣ ታስረው፣ ተገደሉ። «አናርኪስት» የሚለውን ማኅተም ለመቅረጽ ያገዘ እጅ በሌላ ማኅተም ተመታ።

ሁለተኛው ትልቅ ጥቅል የኢሕአዴግ ዘመን ነው። እዚህ ቋንቋው ሳሳ ይላል፣ ሬሳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት የለም። ግን ጥንዶቹን ታገኟቸዋላችሁ፦ «ትምክህተኛ» እና «ጠባብ»። ስለ አንድነት አጥብቆ የተናገረ የመጀመሪያው ነው፣ ስለ ብሔሩ መብት አጥብቆ የተናገረ ሁለተኛው ነው፣ በመካከል መቆም የሚቻልባትን ጠባብ መስመር የሚያውቀው ፓርቲው ብቻ ነው። «ኪራይ ሰብሳቢ»ም እዚያው አለች። ይህች ቃል መነሻዋ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ነው። አንድ ሰው አዲስ ሀብት ሳይፈጥር በሥልጣንና በትውውቅ የሌላውን ድርሻ ሲያፍስ የሚገልጽ ጠቃሚ ሐሳብ ነው። በየስብሰባው ሲደጋገም ግን ቃሉ አለቀ። ሌባውም፣ ሌባውን ያጋለጠውም፣ ዝም ብሎ በሱቁ የሚነግደውም በእኩል ተጠራበት። በመጨረሻ እውነተኛውን ዘራፊ የምንጠራበት ቃል አጣን። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ጥሩ ቃል ነበር።

የ1997 ጥቅልም አለ፣ ያ ሁሉ የግል ጋዜጣ የነበረበት ዓመት። በዚያ የምርጫ ዘመቻ ገዢው ፓርቲ ተቃዋሚዎቹን ከኢንተርሃምዌ ጋር አመሳስሏቸዋል። ኢንተርሃምዌ ማለት በ1986 በሩዋንዳ ጎረቤቱን በገጀራ የጨፈጨፈው ሚሊሻ ነው። ስለ ግብርና ፖሊሲና ስለ መሬት ባለቤትነት የሚከራከር ፓርቲ በዚህ ስም ከተጠራ በኋላ ስለ መሬት ማን ያነሣል? ከዚያ 2001 መጣ፣ የጸረ ሽብር አዋጁ ወጣ፣ «አሸባሪ» የሚለው ስያሜ የሕግ አንቀጽ ቁጥር ይዞ ጋዜጠኛና ፖለቲከኛ ወደ እስር ቤት ይዞ ገባ።

ከ2010 ወዲህ ያለው ጥቅል ቀጭን ነው። ጋሼ «አሁን ሰው የሚሳደበው በስልኩ ነው፣ ወረቀት አይተርፍም» ይላሉ። እኛ ግን ወረቀት አያስፈልገንም፣ ገና በጆሯችን አለ። «ጁንታ» በስፓኒሽ ጉባኤ ማለት ነው። በዓለም ላይ የታወቀው በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ለያዙ መኮንኖች ነው። እዚህ ከድርጅት አመራር ወርዶ ትግርኛ የሚናገር ባለሱቅ ጎረቤት ላይ ሲለጠፍ በዓይኔ አይቻለሁ። «ነፍጠኛ» ነፍጥ አንግቦ የዘመተና መሬት የተሰጠው ወታደር ነበር። ዛሬ ጠመንጃ ነክቶ የማያውቅ፣ ለቀን ሥራ ከገጠር የመጣ ልጅ ላይ ይለጠፋል። «ሸኔ» ደግሞ ጫካውን አይቶት የማያውቅ፣ ጥፋቱ ኦሮምኛ መናገሩና ፀጉሩን ማጎፈሩ ብቻ የሆነ ተማሪ ላይ። ሦስቱንም ስም የሚለጥፉት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሦስቱም ራሳቸውን የተበደሉ አድርገው ነው የሚያዩት። ምናልባትም ተበድለዋል።

የከተማችን ስም ራሱ እንዲህ ሆኗል። አንድ ሰው «ናዝሬት» ካለ አንድ ካምፕ ውስጥ ይከቱታል፣ «አዳማ» ካለ ሌላ ውስጥ። ናዝሬት የሚለው በጃንሆይ ዘመን ከመጽሐፍ ቅዱሷ ከተማ ተወስዶ የወጣ ነው፣ አዳማ የሚለው የቀድሞ ስሟ በ1992 በይፋ ተመለሰ። ይህን ሁሉም ሊያውቀው ይገባል። ግን የሰባ ዓመት አሮጊት በለመዱት ስም «ናዝሬት ነኝ» ስላሉ ብቻ ፊቱን ያጠቆረባቸው ወያላ አይቻለሁ፣ «አዳማ» ስላለ ብቻ «አንተም ጀመርክ?» የተባለ ልጅም አይቻለሁ። ሴትዮዋ የፈለጉት መውረጃቸውን መናገር ነው።

አሁን የሱቁን ዋና አገልግሎት ልንገራችሁ። ዋጋ የለውም፣ በሩ ላይም አልተጻፈም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከኋላ ቁጭ ብዬ ነበር። አጠገቤ አንድ ጡረታ የወጡ መምህርና አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበሩ። ወሬው ከጋዜጣ ተነሥቶ ሕገ መንግሥቱ ጋ ደረሰ። መምህሩ «ይህ አከላለል እንደገና መታየት አለበት» አሉ። ልጁ ብድግ አለ። «አቦ ይሄ የነፍጠኛ ሐሳብ ነው!» መምህሩም አልዘገዩም፣ «አንተ ደግሞ ጎጠኛ ነህ» አሉ። እኔ ወረቀቴን አጥፌ ልወጣ ተነሣሁ። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን አውቀዋለሁ፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ጋሼ ሲጠርዙት የነበረውን መጽሐፍ አስቀመጡ። ጣታቸው ላይ ያለውን ሙጫ በጨርቅ ጠረጉ።

«ልጄ፣ መምህር ምን አሉ?» አሉት።

«የድሮው ሥርዓት ይመለስ አሉ።»

«መምህር፣ እንደዚያ ብለዋል?»

«አላልኩም።»

«እንግዲያው እንደገና። መጀመሪያ ያሉትን ንገረኝ። እሳቸው ‹አዎ፣ ያልኩት እሱን ነው› እስኪሉ ድረስ። ከዚያ በኋላ የፈለግከውን ስም አውጣላቸው፣ እኔ አልከለክልህም።»

ልጁ ሦስት ጊዜ ሞከረ። በሁለተኛው «ክልሎች ይፍረሱ አሉ» አለ፣ መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። በሦስተኛው ግን አቃተውና «እሺ፣ ምን ማለትዎ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ይህን ጥያቄ የዛሬ ስንት ዓመት ነው ሰው ሰውን ሲጠይቅ የሰማሁት! መምህሩም ነገሩት። የልጃቸው ልጅ ቀበሌ መታወቂያ ልታወጣ ሄዳ «ብሔርሽ?» ተባለች። አባቷና እናቷ ከተለያየ ናቸው። አንዱን ምረጪ አሏት። ቤት መጥታ «አያቴ፣ እማዬን ልጻፍ አባዬን?» አለቻቸው። መምህሩ የተናደዱት በዚህ ነው። የፌዴራሊዝም ጽንሰ ሐሳብ አልነበረም ያንገበገባቸው፤ ያቺ ቅጽ ላይ ያለች አንዲት መስመር ናት።

ጋሼ ወደ መምህሩ ዞሩ። «አሁን የርስዎ ተራ ነው። ልጁ ምን አለ?»

መምህሩም እንደ ልጁ ተደናቀፉ። «መገንጠል ይፈልጋል» ብለው ጀመሩ። ልጁ «ኧረ እኔ መቼ!» አለ። ከዚያ ራሱ ተናገረ። አያቱ በጃንሆይ ጊዜ መሬታቸውን ለማስመለስ ፍርድ ቤት የቆሙት በአስተርጓሚ ነው። የራሳቸው አገር፣ የራሳቸው መሬት፣ የሚናገሩትን ዳኛው አይሰማም። አስተርጓሚው ምን ብሎ እንደተረጎመ እስኪሞቱ ድረስ አላወቁም። ተረቱ። «አከላለሉ ይታይ ሲባል እኔ የምሰማው አያቴ ተመልሰው አስተርጓሚ ፊት ሲቆሙ ነው» አለ ልጁ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ።

አልተስማሙም። ይህን እንድታውቁት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ተቃቅፈው ተለያዩ ብላችሁ እንዳታስቡ። ልጁ አሁንም አከላለሉ አይነካ ይላል፣ መምህሩ አሁንም ይነካ ይላሉ። ግን ስለ መታወቂያው ቅጽና ስለ ፍርድ ቤቱ ቋንቋ እስኪመሽ ተከራከሩ። መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ ቀጠሉ። «ነፍጠኛ» እና «ጎጠኛ» ከሚሉት ቃላት ሥር አንድ ቅጽና አንድ ችሎት ተቀብረው ነበር፣ ያን ቀን ወጡ።

ቤቴ ስገባ ሁለት ነገር ትዝ አለኝ። አንዱ እኔ ላይ የደረሰ ነው። በምሠራበት መሥሪያ ቤት፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር፣ የአራት ወር የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሳይከፈለን ቆየ። ስብሰባ ላይ ተነሥቼ «መቼ ነው የሚከፈለን?» አልኩ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው «ይህ የጸረ ለውጥ ኃይሎች አጀንዳ ነው» አሉ። አዳራሹ ጭጭ አለ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው፣ ምሳ አብረን የምንበላ ሰው፣ ወንበሩን በጣም በቀስታ ወደዚያኛው ጎን ሳብ አደረገ። የወንበሩ እግር ሲሚንቶው ላይ ሲጮህ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ስለ ክፍያው አንድም ቃል አልተመለሰም። ቀን መናገር ነበረባቸው፤ ቀን ሳይኖራቸው ሲቀር ስም ሰጡኝ።

ሁለተኛው እኔ ያደረስኩት ነው፣ ይሄኛው ይከብዳል። በ2013 ከልጅነት ጓደኛዬ ጋር ማኪያቶ እየጠጣን ስለ ጦርነቱ ተነሣ። እሱ አንድ ነገር አለ፣ እኔ «ካድሬ» አልኩት። እጁ ላይ ያለው ስኒ ተንቀጠቀጠ። «ምን አልኩህ? እስቲ ያልኩህን ድገምልኝ» አለኝ። አልደገምኩለትም። እውነቱን ለመናገር መድገም አልችልም ነበር፣ አልሰማሁትማ። ንግግሩ መሃል ላይ «ካድሬ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ከዚያ በኋላ የማዳምጥበት ጆሮ አልነበረኝም። ማኪያቶውን ሳይጨርስ ሄደ። አሁን መንገድ ላይ ስንገናኝ ራስ ነቅነቅ ተደራርገን እንተላለፋለን።

አንድ ደንበኛ ጋሼን አንድ ቀን በንዴት ሞግቷቸዋል። «ታዲያ ባንዳን ባንዳ አንበል? ሌባን ሌባ አንበል?» ተገቢ ጥያቄ ነው፣ እኔም ነበረብኝ። ጋሼ ወደ ታሪኩ ወሰዱት። ባንዳ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፣ ጣሊያን ከአገሬው ሰው መልምሎ ያሰለፈው ጭፍራ ስም። በ1928 ጣሊያን ከገባ ጀምሮ እስከ 1933 እስኪወጣ የጣሊያንን ጠመንጃ ይዞ፣ የጣሊያንን ደመወዝ በልቶ አርበኛውን የወጋ ሰው ነበር፣ ያን ሰው በስሙ መጥራት ውሸት አይደለም። «ማን ቀጠረው? ምን ከፈለው? ማንን ወጋ? ለሦስቱ መልስ ካለህ በለው፣ እኔም አብሬህ እለዋለሁ» አሉት። ሰውየው ዝም አለ። እሱ «ባንዳ» ያለው ሰው ጥፋት ምርጫ ላይ ሌላ ፓርቲ መምረጡ ነበር።

እኔ ከዚህ ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ስያሜው ሰውየው ያደረገውን ነገር የሚነግረን ከሆነ ይጠቅማል፤ የቱ ወገን እንደሆነ ብቻ የሚነግረን ከሆነ ምንም አልነገረንም። ይህ የእኛ አገር ብቻ ችግርም አይደለም። ማካርቲ የሚባል የአሜሪካ ሴናተር እ.ኤ.አ. በ1950 በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያሉ ኮሚኒስቶችን ስም ዝርዝር ይዣለሁ ብሎ ተነሣ። ቁጥሩ ከንግግር ንግግር ይለዋወጥ ነበር። እስኪቆም ድረስ ስንቱ ከሥራው ተባረረ፣ ስንቱ በጓደኛው ተከዳ። እ.ኤ.አ. በ1954 የራሱ ምክር ቤት በ67 ለ22 ድምፅ አወገዘው። ወደ አምስት ዓመት ፈጀ።

ወደ ሱቁ ልመለስ፣ ጉድለቱንም መናገር አለብኝ።

ሙቀቱ ከባድ ነው። ላሜራ ነውና ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ውስጡ ይጋገራል፤ የአዳማን ፀሐይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ነፋስ የተነሣ ቀን ደግሞ አቧራው በበሩ ሥር ይገባል፣ ወረቀቶቹም ይጎዳሉ። ላስቲክ ቢለብሱ ይሻላል፣ ነግሬያቸዋለሁ። ዋጋ መጽሐፉ ላይ አይጻፍም፣ ሁሉንም ከአፋቸው ነው የምትጠይቁት። ቴሌብር አይቀበሉም፣ ጥሬ ብር ያዙ። ደረሰኝ የለም። የሚከፍቱበት ሰዓትም አያስተማምንም፤ ለቅሶ ካለ ይዘጋል፣ ለቅሶ ደግሞ ብዙ ነው። የኋላውን ወረቀት ፎቶ ኮፒ ማድረግ ክልክል ነው። አስፈቅዳችሁ ግን አንድ ሁለት ገጽ በስልክ ማንሣት ይቻላል።

ትልቁ ጉድለት ግን የኋላው መደርደሪያ ላይ የኦሮምኛ ጽሑፍ በጣም ጥቂት መሆኑ ነው። በግዕዝ ፊደል ይታተም የነበረው የድሮው «ባሪሳ» ጋዜጣ ሁለት ሦስት እትም ብቻ ነው ያየሁት። እዚህ ከተማ ውስጥ፣ በዚህ ዓይነት ቦታ፣ ይሄ አይበቃም። ሌላው ምን እንዳለ መጀመሪያ ስማ የሚል ቤት ሌላው በራሱ ቋንቋ ያለውን ሊያስቀምጥ ይገባል። ለጋሼም እንዲሁ ብዬ ነገርኳቸው። «ልክ ነህ፣ ያለው ሰው ያምጣልኝ፣ እገዛለሁ» አሉኝ። ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ የአያት የአባት ወረቀት በካርቶን የታሸገ ካለ፣ ከማቃጠላችሁ ወይም ለመጠቅለያ ከመሸጣችሁ በፊት ወስዳችሁ አሳዩዋቸው። በማንኛውም ቋንቋ።

ቡና ከጎረቤት ይመጣል። ሱቁ አጠገብ ጀበና የጣደች እህታችን አለች፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሆናችሁ ብትጣሩ ታመጣላችኋለች። ስኒውን ግን ወረቀቱ አጠገብ አታስቀምጡ፣ መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው። አንድ ጊዜ ረስቼ ጋዜጣ ላይ አስቀመጥኩና ጋሼ ምንም ሳይናገሩ አንሥተው እግሬ ሥር አኖሩት።

ለተማሪ፣ ለመምህር፣ ለጋዜጠኛ፣ በተለይ ደግሞ ዘመዱን ወይም ጓደኛውን በፖለቲካ ለተጣላ ሰው፣ ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። ግማሿን የቀነስኩት ለሙቀቱና ለባሪሳ ነው። የሚሻለው ሰዓት ቅዳሜ ከ9 ሰዓት በኋላ ነው። ውኃ ያዙ። ዱካው አራት ብቻ ነውና ቀድማችሁ ሂዱ።

እኔ የፊታችን ቅዳሜ እዚያ ነኝ፣ የ1968ቱን ጥቅል አልጨረስኩትም። ጋሼን ሁለት ዱካ እንዲይዙልኝ ጠይቄያቸዋለሁ። ለጓደኛዬ ትናንት ማታ መልእክት ልኬለታለሁ፦ «ያን ቀን ያልከኝን አልሰማሁህም። እንደገና ትነግረኛለህ?» እስካሁን አልመለሰም።